ደረት መጫን፣ ጥምና ደም ግፊት፦ የድሬዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም የድሬ ልጆች። በተመላላሽ ክፍል የምሠራ የጤና መኮንን ነኝ። ሰሞኑን የጠየቃችሁኝን ዛሬ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። ግን አንድ ነገር ይቅደም። አሁን ደረቱን የሚጫነው፣ ላብ ላብ የሚለው፣ ሕመሙ ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው የሚሄድበት፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ የእኔን መልስ አይጠብቅ። ባጃጅ ይያዝና ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

«42 ዓመቴ ነው። ሁለት ወር ሆነኝ ደረቴን ይጫነኛል። ውሃ ብጠጣ ብጠጣ አልረካም፣ ሌሊት ለሽንት እነሳለሁ። ግፊቴ 160/100 ነው። ኢሲጂ (የልብ ምት ወረቀት ላይ የሚነሣበት ምርመራ) ተነሥቼ ‹ደህና ነህ› ተባልኩ። አንዱ ጨጓራ ይለኛል፣ አንዱ ጭንቀት። ምን ላድርግ?» (ከሳቢያን)

ወንድሜ፣ ሦስቱ ነገሮች የግድ ከአንድ በሽታ አይመጡም። ለየብቻ እንያቸው።

ከደረትህ ልጀምር። ኢሲጂ የሚያሳየው የተነሣህባትን ደቂቃ ነው። ሕመሙ በሌለበት ሰዓት ከተነሣህ፣ የልብ ደም ሥር የጠበበበት ሰውም ቢሆን ንጹሕ ወረቀት ይዞ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ መቼ እንደሚጫንህ ልብ በል። ደረጃ ስትወጣ ወይም ዕቃ ስትሸከም መጥቶ፣ ስታርፍ የሚለቅህ ከሆነ ልብ ነው የሚጠረጠረው። ይህንኑ ለሐኪሙ በግልጽ ንገረው፤ የልብ አልትራሳውንድ ወይም እየተንቀሳቀስክ የሚደረግ ምርመራ ሊያዝልህ ይችላል። ከምግብ በኋላ ወይም ስትተኛ የሚያቃጥል ከሆነ ወደ ጨጓራ ያደላል። ግን ልብ ሳይመረመር «ጨጓራ ነው» ብሎ መደምደም ያናድደኛል። ጭንቀትም እንዲሁ፤ ሌላው ሁሉ ከታየ በኋላ የሚባል ነው።

ጥሙና ሽንቱ አብረው ከመጡ መጀመሪያ የሚታየው ስኳር ነው። ምግብ ሳትቀምስ ጠዋት ተለክተህ 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም እንዲህ እየጠማህ በማንኛውም ሰዓት 200 ከደረሰ፣ የስኳር በሽታ ነው ማለት ይቻላል። ስኳርና ግፊት ደግሞ አንድ ሰው ላይ ተያይዘው መገኘታቸው የተለመደ ነው።

ስኳርህ ደህና ቢሆንስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቆመው። ኩላሊትህ፣ ካልሲየምህና ፖታሺየምህ ይታዩ። ከኩላሊት አናት ላይ ሁለት ትንንሽ እጢዎች አሉ። አልዶስትሮን የሚባል ሆርሞን ከመጠን በላይ ካመነጩ ሰውነት ጨው ይይዛል፣ ፖታሺየም በሽንት ይወጣል። ግፊት ከፍ ይላል፣ ጡንቻ ይዝላል፣ ሽንት ይበዛል፣ ውሃ ይጠማል። ግፊቱ በሦስት መድኃኒት እንኳ አልወርድ ያለ ሰው ይህን ሐኪሙን ቢጠይቅ ጥሩ ነው። የምትወስደው የግፊት መድኃኒት ሽንት የሚያበዛ ዓይነት ከሆነም ጥሙ ከእሱ ሊሆን ይችላል፤ ስሙን አስነብብ። በራስህ ግን አታቁመው።

«በርጫ ላይ ደረቴን ይጨምቀኛል፣ ልቤ ድው ድው ትላለች። ጓደኞቼ ምርቃና ነው ይሉኛል።» (ከመጋላ)

ምርቃና ደረት አይጨምቅም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የደም ሥር ያጠብባል፣ አፍ ያደርቃል። ሲጋራ ሲጨመርበት ይብሳል። ከጫት ጋር ኮካውና ስኳር የበዛበት ሻይ ሲከታተል ደግሞ ስኳር ላለበት ሰው ሌላ ጣጣ ነው። የደረት ሕመም ያለበት ሰው መቃሙን ይተው፤ ይህን የምለው ላስቀይምህ አይደለም፣ እንድትኖርልን ነው። ሐኪም ሲጠይቅህም አትደብቅ። «አልቅምም» እያሉ የሚመረመሩ፣ ግፊታቸው ለምን ከፍ ዝቅ እንደሚል ግራ የሚገባን ብዙዎች ናቸው።

«የእናቴ ግፊት ፋርማሲ 155፣ ቤት 130 ይላል። የቱን እንመን?» (ከከዚራ)

እናትሽ ከቀፊራ ገበያ ዘንቢል ተሸክመው፣ በፀሐይ መጥተው፣ ቁጭ እንዳሉ ከተለኩ ቁጥሩ መውጣቱ አይገርምም። አምስት ደቂቃ ይረፉ። እግር መሬት ይንካ፣ ጀርባ ይደገፍ፣ ክንድ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትይዩ ይሁን። በልብስ ላይ አይታሰር። ከዚያ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና የለም። እየተለኩ ወሬም የለም። ጠዋትና ማታ ለአንድ ሳምንት መዝግቢና ለሐኪሙ አሳዪ። ቤት ውስጥ አማካዩ 135/85 ከደረሰ ከፍተኛ ይባላል።

«ድሬ እኮ ሙቀት ነው፤ ማን የማይጠማው አለ?»

እውነት ነው። ግን የሙቀት ጥም ሲጠጣ ይረካል፣ ሽንቱም ጥቂትና ጠቆር ያለ ነው። ጠጥቶ የማይረካ፣ ሽንቱ የበዛና ነጣ ያለ፣ ሌሊት ሲበርድም ለውሃ የሚነሳ ሰው ይመርመር።

«ለጉልበቴ ዲክሎፌናክ ከሱቅ እየገዛሁ እወስዳለሁ። ግፊቴ ጋር ይገናኛል?»

አዎ፣ በደንብ ይገናኛል። ዲክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም ግፊት ይጨምራሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ልብ ላይም አደጋ አላቸው። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን የሚባሉት የስቴሮይድ መድኃኒቶች ደግሞ ግፊትንም ስኳርንም ከፍ ያደርጋሉ። የምትውጡትን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ በኮንትሮባንድ የገባውንም ጭምር።

«ረመዳን ሲገባ የግፊት መድኃኒቴን እንዴት ላድርግ?»

ከወሩ በፊት ሐኪምሽን አማክሪ። ሽንት የሚያበዛውን ሱሁር ላይ ወስደሽ ቀኑን በድሬ ፀሐይ መዋል ከባድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰዓቱ ወይም ዓይነቱ ይቀየራል። ኢፍጣር ላይ ጨው ቀንሺ። ፆሙ ሕመምሽን የሚያብስ ከሆነ ሃይማኖቱም ለታመመ ሰው ፈቅዷል።

«ግፊቴ ወረደ፤ መድኃኒቱን ብተወውስ?»

የወረደው በመድኃኒቱ ነው። አታቁም። መቀነስ ካስፈለገ ሐኪሙ እየለካህ ይቀንስልሃል።