ስንት እንደሆኑ ሳይሆን ምን እንደሚሠሩ
ለጎጃም ወጣት የጤና ባለሙያዎች

ልጆቼ፣ በባሕር ዳርም በደብረ ማርቆስም፣ በቡሬም በፍኖተ ሰላምም ያላችሁ፤ ዕድሜዬን በላብራቶሪ የጨረስኩ ሰው ነኝና ስሙኝ። ኤችአይቪ ያለበት ሕመምተኛ ውጤቱን ሊቀበል ሲመጣ ቀድሞ የሚጠይቀው «ሲዲ4 ስንት ሆነልኝ?» ብሎ ነው። ሲዲ4 ማለት ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉና ቫይረሱ የሚያጠቃቸው ነጭ የደም ሴሎች ናቸው፤ ቁጥራቸው ይጠቅማል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ ቫይረሱ የሌለባቸው ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ሲዲ4 ከአውሮፓውያን ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ያነሰ ሁሉ የታመመ አይደለም ማለት ነው።

የመከላከያ ሴሎች የሚሠሩት ከብዛታቸው እንደሚበልጥ አጉልቶ ያሳየን ከሁለቱ የኤችአይቪ ዓይነቶች አንዱ፣ ኤችአይቪ 2 ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ፓሪስ ላይ የተለየው ኤችአይቪ 1 ከቺምፓንዚ ተሻግሮ ዓለምን አዳርሷል፤ እኛ ዘንድ የበዛውም የእሱ ንዑስ ዝርያ ሲ ነው። ኤችአይቪ 2 ከሌላ የጦጣ ዘር የመጣ ሲሆን በአብዛኛው እነ ጊኒ ቢሳው ባሉበት በምዕራብ አፍሪካ ተወስኖ ቀርቷል። ከያዛቸው ሰዎች ብዙዎቹ ያለ መድኃኒት ለዓመታት ይቆያሉ፤ በደማቸው ያለው ቫይረስም እጅግ ጥቂት ነው። የእነዚህ ሰዎች ሲዲ8 የተባሉት ሌሎች የመከላከያ ሴሎች ጋግ የተባለውን የቫይረሱን ፕሮቲን አጥብቀው ይለያሉ፤ የተያዘውን ሴል ይገድላሉ፣ ሌሎችን የሚያነቃ ኬሚካል ያመነጫሉ፣ ራሳቸውም ይራባሉ። በኤችአይቪ 1 ግን ቫይረሱ እረፍት ስለማይሰጣቸው፣ ክረምቱን ሙሉ ሲያርስ እንደከረመ በሬ ይዝላሉ። ቁጥራቸው እያለ ጉልበታቸው ያልቃል።

ኤችአይቪ 1 ኖሮባቸው ያለ መድኃኒት የሚቆጣጠሩትም አሉ፤ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ብዙዎቹ ኤችኤልኤ ቢ57 የተባለውን የመከላከያ ጂን የመሰለ የዘር ውርስ አላቸው። ይህን ምርምር ተከታተሉት፤ የክትባቱም ተስፋ ከዚህ መንገድ ጋር የተያያዘ ነው።

የሚያስፈራኝ ወሬው ተዛብቶ ሕመምተኛው ጆሮ ሲደርስ ነው። «ሰውነቴ ራሱ ይችለዋል» ብሎ መድኃኒት ያቆመ ሰው ቫይረሱ ተመልሶ ይነሣበታል። ኤችአይቪ 2ም ቢሆን በደም ውስጥ ከበዛ ይገድላል፤ ነቪራፒንና ኤፋቪሬንዝ የተባሉት የኤችአይቪ መድኃኒቶች ደግሞ አይነኩትም። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ሲዲ4 ምንም ያህል ቢሆን መድኃኒት ወዲያው እንዲጀመር የሚመከረው በከንቱ አይደለም።

ስለዚህ ውጤት ስትነግሩ ከሲዲ4 አስቀድማችሁ የቫይረሱን መጠን አስረዱ። ጸበል ሊጠመቅ የሚሄድ ሲያጋጥማችሁ አትከራከሩት። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም ጸበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ተናግረው ነበር፤ ይህን ንገሩትና እስኪመለስ የሚበቃውን መድኃኒት ይዞ እንዲሄድ አድርጉ።