በውክልና መኪና ገዝተህ ሊብሬው አልዞር ላለህ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ላሳጥረው። የቤት መኪና ገዝተህ ሙሉ ብሩን ከፍለሃል፣ ሻጩ ውክልና ሰጥቶሃል፣ አራት ወር ነድተኸዋል። ስም ላዛውር ብለህ መንገድ ትራንስፖርት ስትሄድ «ፋይሉ ላይ እገዳ አለ» አሉህ፣ ሻጩ ደግሞ ስልክ ማንሳት ትቷል። ለስም ዝውውር ምን ምን ይዘህ እንደምትቀርብ መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ይነግርሃል፤ እሱን አልደግመውም። እዚያ የማይለጠፈውን ልንገርህ።

1. ውክልናውን አውጥተህ ቃል በቃል አንብበው። ደላላው «ውክልና ካለህ መኪናው ያንተ ነው» ብሎህ ይሆናል። ውሸት ነው። ውክልና በሻጩ ፈንታ እንድትፈርም ያስችልሃል እንጂ ባለቤት አያደርግህም። ሻጩ ባሻው ቀን ሊሽረው ይችላል፤ «የማይሻር» ተብሎ ቢጻፍበት እንኳ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2226 ለዚያ ቃል ዋጋ አይሰጠውም። ሻጩ ቢሞት ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ በቁጥር 2232 መሠረት ውክልናው አብሮት ያከትማል። ያኔ የምትሯሯጠው የወራሽነት ማስረጃ ካወጡ ወራሾች ሁሉ ኋላ ነው። አንዱ ውጭ አገር ካለ ወይም ለአካለ መጠን ካልደረሰ ነገሩ በወር ሳይሆን በዓመት ይቆጠራል።

«ለመሸጥ፣ ለመለወጥ» የሚለው ብቻውን አይበቃህም። በራስህ ስም ማዛወር እንደምትችል በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ወኪል ከራሱ ጋር የሚዋዋለውን ውል ወካዩ ሊያስፈርሰው እንደሚችል ቁጥር 2188 ይናገራል፣ ሰነዱን የሚያረጋግጠውም ሠራተኛ ይህን ያውቃል። ከዚያ ማህደር ለማየት፣ ፋይል ለማዘዋወር፣ ከባንክ የዕዳ ነፃ ደብዳቤ ለመቀበል፣ ቦሎ ለማሳደስ፣ ምትክ ሊብሬና ሰሌዳ ለማውጣት የሚሉትን ፈልግ። በተለይ የባንኩን። እሱ ከሌለ ባንኩ ስለ ደንበኛው ዕዳ አንዲት ቃል አይነግርህም፣ ቢነግርህ ጥፋተኛ የሚሆነው እሱ ነው።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ውክልናው ላይ የትዳር ጓደኛው ፊርማ አለ? ያላገባ ከሆነ የዚያ ማስረጃ ተያይዟል? የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 68 ዋጋው ከ500 ብር የሚበልጥ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። (500 ብር ዛሬ ምን ይገዛል አትበለኝ፤ ሕጉ ላይ ያለው ቁጥር ይኸው ነው።) ያልተስማማው ተጋቢ ሽያጩን ካወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ሳያውቅ ከቆየም ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት ሊጠይቅ ይችላል። የትዳር ጓደኛው ውጭ አገር ካለ ከኤምባሲ የሚላከው ውክልና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ነው እዚህ የሚሠራው። የተቃኘ ኮፒ በቴሌግራም ልኮልኛል የሚል ሻጭ ጊዜህን እየበላ ነው።

2. «እገዳ አለ» መልስ አይደለም። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ቀና ሳይል ይህን ብሎ «ቀጣይ» ይላል፣ አንተም አንገትህን ደፍተህ ትወጣለህ። አትውጣ። ሦስት ነገር በትሕትና ጠይቅ፤ ያገደው ማን ነው፣ የደብዳቤው ቁጥር ስንት ነው፣ ቀኑ መቼ ነው። እነዚህን ሳይዝ የሚሮጥ ሰው ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ጫማውን ይጨርሳል።

እገዳ እንደ ምንጩ ይለያያል። የፍርድ ቤት ከሆነ (ፍቺ፣ ውርስ፣ የብድር ክስ) የሚያነሳው ያው ያገደው ችሎት ብቻ ነው፤ የመዝገብ ቁጥሩን ይዘህ እዚያ ሂድ። መኪናው ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ጉዳዩ የጉምሩክ ነው። ቀረጡና ታክሱ ሳይከፈል ወይም ሳይፈቀድ መብቱ ወደሌለው ሰው አይዞርም፣ ሒሳቡም ከመኪናው ዋጋ ጋር የሚፎካከርበት ጊዜ አለ። እዚህ ላይ ከሆንክ ስም ማዛወሩን ትተህ ብርህን ስለማስመለስ አስብ።

አብዛኛው ግን የባንክ ነው፣ ያንተም ይመስለኛል። የሚያናድደው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዕዳው ተከፍሎ ያለቀ መሆኑ ነው። ሻጩ የመጨረሻውን ክፍያ ፈጽሞ፣ ባንኩ የእገዳ ማንሻ ደብዳቤ ጽፎ፣ ደብዳቤው መንገድ ላይ ይቀራል። እንዴት እንደሚቀር ተመልከት። ደብዳቤው በታሸገ ፖስታ መዝገብ ቤት ይደርሳል፣ የገቢ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ከዚያ ወደ ማህደሩ ሄዶ መያያዝ አለበት፣ ከዚያ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ እገዳው መነሳት አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከተዘለለ ፋይሉ እንደታገደ ይኖራል። ኮምፒውተሩ ላይ «እገዳ» እያለ ማህደሩ ውስጥ የማንሻው ደብዳቤ ተያይዞ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ማህደሩን የገለጠው ሰው ስለሌለ ብቻ።

ስለዚህ ባንኩ ዘንድ ቀርቦ (ሻጩ ወይም ሥልጣን ያለው ወኪል) የማንሻ ደብዳቤው የወጣበትን ቁጥርና ቀን መውሰድ፣ ከዚያ መዝገብ ቤት ሄዶ «በዚህ ቁጥር የገባ ደብዳቤ» ብሎ ማስፈለግ ነው። ከጠፋ ባንኩ ድጋሚ ይጽፋል። ድጋሚ ሲጻፍ ፖስታው ከመታሸጉ በፊት ረቂቁን ለማየት ለምን። የሰሌዳ ቁጥር፣ የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ የባለቤቱ ስም፣ መጀመሪያ የታገደበት ደብዳቤ ቁጥርና ቀን፣ አምስቱም መኖር አለባቸው። አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ደብዳቤው ይመለሳል፤ ማንም ደውሎ አይነግርህም፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሄደህ ነው የምታውቀው። መኪናው ሰሌዳ ቀይሮ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከኮድ 3 ወደ ኮድ 2 ዞሮ ከሆነ፣ የባንኩ ደብዳቤ በአሮጌው ሰሌዳ ይጻፍና ማህደሩ በአዲሱ ይፈለጋል፤ «አይገናኝም» የሚባለው ያኔ ነው። ሁለቱም ሰሌዳ በአንድ ደብዳቤ ላይ ይጠቀስልህ።

«ፋይሉ አልተገኘም» ለሚለውም መድኃኒቱ ያው ነው። ማህደር በሰሌዳ ቁጥር ይደረደራል፤ የድሮውን ሰሌዳ ከአሮጌ ቦሎ ወይም ከአሮጌ የኢንሹራንስ ወረቀት ፈልገህ በሱ አስፈልግ። ከክልል የመጣ ከሆነ ማህደሩ ከመሸኛ ደብዳቤ ጋር መድረሱን አጣራ። «ተልኳል» እና «ደርሷል» ለየቅል ናቸው።

ሻጭ ሲሸጥልህ «ሊብሬው እጄ ላይ ነው፣ እገዳ ቢኖር ባንክ ይይዘው አልነበረም?» ብሎህ ይሆናል። ፍርድ ቤት ሲያግድ ሊብሬ ከማንም እጅ አይቀበልም፣ ለቢሮው ነው የሚጽፈው። ባንክ የያዘውም ቢሆን «ጠፋብኝ» ተብሎ ምትክ ሊወጣለት ይሞከራል። ደብተሩ ምትክ ከሆነ ለምን እንደተተካ የሚጠየቀው ብር ከመቆጠሩ በፊት ነው።

3. ሻንሲ። እገዳው ቢነሳልህም መርማሪው የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን አይቶ ከማህደሩ ጋር ሲያስተያይ ካልገጠመ እንደገና ቁጭ ነው። አንተ ቀድመህ እየው። ቅባቱን በጋዝና በብሩሽ ጠርገህ፣ በስልክህ መብራት ከጎን እያበራህ ፎቶ አንሳው። ፊት ለፊት ካበራህበት ይነጣና አይነበብም። ከሊብሬው ጋር፣ የሚቻል ከሆነም ከዲክላራሲዮኑ (መኪናው አገር ሲገባ ከተሞላው የጉምሩክ ሰነድ) ጋር ፊደል በፊደል አመሳክር። ዓለም አቀፉ የሻንሲ ቁጥር 17 ፊደልና አኃዝ ነው፣ በውስጡም አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡም። ሊብሬው ላይ ኦ ተጽፎ ካየህ ዜሮው ተሳስቶ የተገለበጠ ነው። ለጃፓን አገር ገበያ የተሠሩት ግን በመሐሉ ሰረዝ ያለበት አጭር ቁጥር ነው ያላቸው፤ 17 አልሞላም ብለህ አትደንግጥ።

ሞተር ተቀይሮ ከሆነ የተቀየረው ሞተር ሕጋዊ ሰነድ ማህደሩ ውስጥ መግባት አለበት። «ከጋራዥ ነው የገዛሁት» የሚል የቃል ማስረጃ የለም። ይህን ማስተካከል ያለበት ሻጩ ነው፣ በሱ ስም እያለ።

ስምም እንዲሁ ነው። ሊብሬው ላይ «ኃይለሥላሴ» ሆኖ መታወቂያው ላይ «ሀይለስላሴ» ቢሆን ያው ሰው መሆኑን አንተም መስኮቱም ታውቃላችሁ፤ አንዳንዱ ሠራተኛ ያልፈዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ የስም ማስተካከያ ደብዳቤ ካልመጣ ብሎ ይመልስሃል። የአያት ስም ልዩነት ካለ ግን ማንም አያሳልፍህም።

አራት ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን ቁጥሩን ልተወው፣ ምክንያቱም ከዚህ ሁሉ በላይ ያስከፈለህ አንድ ስህተት ነው፤ ፋይሉ ሳይታይ ሙሉ ብሩን መስጠትህ። ብሩ እጁ የገባ ሻጭ ባንክ ሄዶ ሰልፍ የሚይዝበት ምክንያት የለውም። ክፉ ሰው መሆን እንኳ አያስፈልገውም፣ ስንፍና ይበቃዋል። ያልገዛችሁ ሰዎችም ይህን ስታነቡ ልብ በሉት። መጀመሪያ ቀብድ ብቻ፣ ያውም በጽሑፍ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ቀብድ የሰጠው ከቀረ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ከቀረ እጥፉን ይመልሳል። ቀጥሎ ከሻጩ ጋር ፋይሉ ያለበት ቅርንጫፍ ሄዶ ዕዳና እገዳ ማጣራት። ከዚያ ውክልና ሳይሆን የሽያጭ ውል፣ በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት። ከዋጋው ላይ ሻጩን የሚያስሮጥ ያህል ብር ስሙ እስኪዞር ይቆይ፣ ይህም ውሉ ውስጥ ይጻፍ፤ በዘገየ ቁጥር የሚከፈል መቀጮም እንዲሁ።

ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ማጻፍም የተለመደ ነው፣ በቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110/1990 የተጣለውን 2 በመቶ ለመቀነስ። ቢሮው የራሱን ግምት ስለሚያወጣ ትርፉ ያን ያህል አይደለም። ጉዳቱ ግን ውሉ ሲፈርስ ይመጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2005 መሠረት የተፈረመበት ጽሑፍ በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ ማስረጃ ነው፤ 300 ሺህ ብለህ ፈርመህ 900 ሺህ ከፍያለሁ ብትል ባንክ ያስገባህበት ደረሰኝ ከሌለህ ማን ይሰማሃል?

አሁን ወዳንተ ልመለስ። ሻጩ ስልክ ካላነሳ መደወሉን ተው፣ ጻፍለት። በቁጥር 1772 መሠረት ውሉን አልፈጸመም ብለህ ከመክሰስህ በፊት ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብህ። መኪናው፣ የከፈልከው ብርና ቀኑ፣ እንዲያደርግ የምትፈልገው (እገዳውን ማስነሳት፣ ለዝውውር ቀርቦ መፈረም) እና የቀን ገደቡ በግልጽ ይስፈሩ፤ መድረሱን በሚያረጋግጥ መንገድ ይላክ፣ ቅጂው ይቀመጥ። ብዙው ሻጭ ጽሑፉን ሲያይ ነው ከእንቅልፉ የሚነቃው። ካልነቃ ክስ ነው። ሻጭ ለገዢው የማይነቃነቅ መብት ማስተላለፍ እንዳለበት ቁጥር 2281 ይናገራል። ከክሱ ጋር በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 የጊዜያዊ እግድ ማመልከቻ አያይዝ፣ ውክልናህን ሽሮ መኪናውን ለሌላ እንዳያዞረው። አዎ፣ በእገዳ ላይ እገዳ ትጨምራለህ፤ ይኼኛው ግን አንተን ነው የሚጠብቀው።

እንግዲህ የሽያጭ ውልም ከሌለህ፣ ያለህ ውክልና ብቻ ከሆነ፣ ገዢ መሆንህን የሚያሳየው ብሩ የሄደበት መንገድ ነው። የባንክ ዝውውር ደረሰኙን ነገ ጠዋት አሳትመው፣ ማኅተም ይኑረው። ከሻጩ ጋር የተጻጻፍከውን መልእክት አታጥፋ። በእጅ ነው የሰጠሁት የምትል ከሆነ ሲቆጠር የነበሩትን ሰዎች፣ ደላላውን ጨምሮ፣ ሳይረሱት ስማቸውንና አድራሻቸውን ያዝ።

እስከዚያ መኪናውን ለሌላ ሰው በውክልና አታስተላልፍ፤ «ከሱ ወስጄ ለሱ» እያሉ ሦስት ውክልና የተደራረበበት መኪና ላይ የመጀመሪያው ሰው ቢሽር ወይም ቢሞት ሁሉም ይናዳል። ሙሉ ኢንሹራንሱም በማን ስም እንደሆነ ዛሬውኑ እይ፤ በሻጩ ስም ከሆነ ብትጋጭ የካሳው ጥያቄ የሚሄደው በሱ ስም ነው፣ ስልኩን ለማያነሳው ሰው።

መስኮቱ ጋ ስትሄድ ጠዋት በጊዜ ሂድ፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይሻላል። ሰኞ የሳምንቱ ሰልፍ ይጠራቀማል፣ አርብ ደግሞ ፈራሚው ከምሳ መመለሱ ያጠራጥራል። «ሲስተም የለም» ካሉህም ባዶ እጅህን አትመለስ፤ ማህደር ለማየት ሲስተም አያስፈልግም፣ መደርደሪያው ላይ ነው ያለው።