በራስ ፈቃድ መሥራት ወይስ ትራክን ይዞ ኩባንያ ሥር መግባት? ለወንድማችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ሰላም ወንድማችን። ትናንት ያቀረቡትን ጥያቄ በጥሞና አነበብኩት። በኮሎምበስ ኦሃዮ ለሦስት ዓመት የኩባንያ ሾፌር ሆነው እንደሠሩ፣ 40,000 ዶላር እንዳጠራቀሙና ትራክ ሊገዙ እንደተዘጋጁ ገልጸው፣ የራስን አውቶሪቲ (ጭነት የማጓጓዝ የፌዴራል ፈቃድ) አውጥቶ ከመሥራትና ትራክን ይዞ ኩባንያ ሥር ከመግባት የትኛው የተሻለ ገንዘብ እንደሚያስቀር፣ ያለዎት ገንዘብ ይበቃ እንደሆነና መቼ መጀመር እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔ ከ2018 እስከ 2021 መጨረሻ ኩባንያ ሥር፣ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ በራሴ ፈቃድ ስለሠራሁ፣ ሁለቱንም በራሴ ኪስ ያየሁትን እጽፍልዎታለሁ።

በቅድሚያ ብዙ ጊዜ የሚምታታ ነገር ለይተን እንነሳ። ሊዝ ኦን ሲባል ትራኩ የእርስዎ ሆኖ በኩባንያው ፈቃድና ኢንሹራንስ ሥር መሥራት ማለት ነው። ሊዝ ፐርቸዝ ግን ኩባንያው ራሱ ትራኩን አከራይቶ፣ ኪራዩን በየሳምንቱ ከሂሳብዎ እየቆረጠ፣ በመጨረሻ የእርስዎ ይሆናል የሚልዎት ውል ነው። ጭነት የሚሰጠውም ዕዳ የሚሰበስበውም አንድ አካል ስለሆነ፣ ሥራ በቀዘቀዘ ሳምንት ሂሳብዎ ከዜሮ በታች ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ጉዳዩን እንዲመረምር በፌዴራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የተቋቋመው ኮሚቴ በጃንዋሪ 2025 ባወጣው ሪፖርት፣ እንዲህ ያሉ ውሎች እንዲታገዱ እስከ መምከር ደርሷል። ስለዚህ ኩባንያ ሥር ስለመግባት ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ስለ ሊዝ ኦን ብቻ ነው፤ ሊዝ ፐርቸዝ ካቀረቡልዎ ግን አይፈርሙ እላለሁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። በጃንዋሪ 2025 አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በኩባንያ ሥር ከሚሠራ የቅርብ ወዳጄ ጋር ቡና አስፈልተን የ2024 ወረቀቶቻችንን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍናቸው። እሱ ሴትልመንት የምንለውን የሳምንት ሂሳብ 52ቱንም በአንድ ፎልደር አስተካክሎ ይዞ መጣ፤ እኔ የነዳጅና የጎማ ደረሰኞቼን በሁለት የጫማ ካርቶን አቀረብኩ። ሁለታችንም ድራይ ቫን (ማቀዝቀዣ የሌለው ዝግ ትሬለር) እንጎትታለን፣ የሁለታችንም ትራክ ዕዳው ተከፍሎ አልቋል፣ ሁለቱም በጋሎን 6.6 ማይል ያህል ይሄዳሉ። እሱ 92,000 ማይል ነድቶ፣ ጭነቶቹ የነዳጅ ማካካሻውን ጨምሮ በአማካይ በማይል 2.40 ዶላር ስላወጡ፣ ጠቅላላው 220,800 ዶላር ሆኗል፤ ኩባንያው 25 በመቶውን ወስዶ ለእሱ 165,600 ዶላር ደርሶታል። እኔ 94,000 ማይል ነድቼ በማይል ያገኘሁት 2.05 ዶላር ብቻ ስለነበር፣ የገባልኝ 192,700 ዶላር ነው፤ ከዚህ ላይ ግን ድርሻ የሚወስድ ኩባንያ የለም።

እዚህ ላይ ቢቆም እኔ 27,000 ዶላር በልጬዋለሁ ማለት ነው። ወጪውን ስንደምር ግን ነገሩ ተለወጠ። እሱ በኩባንያው የነዳጅ ካርድ በጋሎን ወደ 30 ሳንቲም የሚጠጋ ቅናሽ ስላለው ለነዳጅ 48,000 ዶላር ሲያወጣ፣ እኔ 53,400 ዶላር ከፍያለሁ። የእሱ ኢንሹራንስ የራሱን ትራክ፣ ያለ ጭነት ሲነዳ የሚሸፍነውንና የአደጋ ሽፋኑን ይዞ 6,500 ዶላር ሲሆን፣ የእኔ ለሦስተኛ ወገን የሚከፈለውን 1,000,000 ዶላር ሽፋንና የጭነቱን 100,000 ዶላር ጨምሮ 15,500 ዶላር ነበር። ሕጉ ለተራ ጭነት የሚያስገድደው ዝቅተኛ ሽፋን 750,000 ዶላር ቢሆንም፣ አብዛኞቹ ብሮከሮች (ባለ ዕቃውንና ባለ ትራኩን የሚያገናኙ ደላሎች) ከአንድ ሚሊዮን በታች ያለውን አይቀበሉም። እሱ ለትሬለር ኪራይ 7,800 ዶላር ከፈለ፤ የእኔ ትሬለር ከክፍያውና ከጥገናው ጋር 9,000 ዶላር ወሰደ። ብሮከሮች በ30 ቀን የሚከፍሉኝን ቀድሞ ለሚሰጠኝ የፋክተሪንግ ድርጅት 2.5 በመቶ፣ ማለትም 4,800 ዶላር ሄደ። የሎድ ቦርዱ (ጭነት የሚፈለግበት ድረ ገጽ)፣ ኢሎጉ (የመንዳት ሰዓት የሚመዘግበው መሣሪያ) እና የሂሳብ ባለሙያው 4,200 ዶላር፣ የሰሌዳው፣ የዓመታዊ ምዝገባውና የከባድ ተሽከርካሪ ታክሱ 2,700 ዶላር ሆኑ፤ ለዚህ ሁሉ እሱ ያወጣው 2,300 ዶላር ብቻ ነው። ጥገናና ጎማ ለእሱ 17,000፣ ለእኔ 18,000፤ የመንገድ ክፍያና ፓርኪንግ ለእሱ 4,000፣ ለእኔ 4,500 ዶላር ነበር። በመጨረሻ ከታክስ በፊት ለእሱ 80,000፣ ለእኔ 80,600 ዶላር ቀረን። በዚያ ላይ እኔ ጭነት ፍለጋና ወረቀት ላይ በየሳምንቱ አሥር ሰዓት ያህል አጠፋለሁ፤ እሱ በዚያ ሰዓት ይተኛል ወይም ከልጆቹ ጋር ይውላል።

ወዳጄ 25 በመቶውን ሰጥቶ ከእኔ እኩል የሆነበት ምክንያት ኩባንያው ከፋብሪካዎችና ከመጋዘኖች ጋር በቀጥታ የዓመት ውል ስላለው ነው። ያ 35 ሳንቲም የዋጋ ልዩነት የመጣው ከዚያ ነው። ያው ኩባንያ እንደ እኔ ከሎድ ቦርድ 2.05 ዶላር ጭነት እየለቀመ 25 በመቶ ቢቆርጥበት ኖሮ፣ ለወዳጄ የሚደርሰው 141,450 ዶላር ሆኖ ከወጪ ቀሪው ወደ 56,000 ዶላር በወረደ ነበር። ስለዚህ ወንድሜ፣ ኩባንያ ሲያነጋግሩ ስንት በመቶ ትሰጡኛላችሁ ከማለትዎ በፊት ጭነታችሁ ከየት ነው የሚመጣው ብለው ይጠይቁ። ሦስት ትራክ ይዘው ከሎድ ቦርድ የሚሠሩ ኩባንያዎች በእኛው ማኅበረሰብ ውስጥ ብዙ አሉ፤ ባለቤቶቹ ቅን ሰዎች ቢሆኑም፣ ቆርጠው የሚያስቀሩት ገንዘብ የሚገዛልዎ ነገር ጥቂት ነው።

ገበያው ሲሞቅ ሂሳቡ ይገለበጣል። በ2021 በዕለት ገበያ፣ ማለትም ያለ ውል በዕለቱ ዋጋ የሚገኘው ጭነት እጅግ ጥሩ ዋጋ ያወጣ ስለነበር፣ በራሳቸው ፈቃድ የሚሠሩት ከእኛ በብዙ ይበልጡ ነበር። እኔም ያንን አይቼ በፌብሩዋሪ 2022 አውቶሪቲዬን አወጣሁ። ጊዜው ግን አልጠበቀኝም፤ የጭነት ዋጋ እየወረደ መጣ፣ ከአንድ ዓመት በፊት በጋሎን 3.30 ዶላር ገደማ የነበረው ዲዝል በጁን 2022 በአገር አቀፍ አማካይ 5.81 ዶላር ደረሰ። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ዓመት ኢንሹራንሴ 19,000 ዶላር ነበር፤ አዲስ ፈቃድ በመሆኑም ብዙ ብሮከሮች ስድስት ወር ሳይሞላህ ጭነት አንሰጥህም አሉኝ። ሊዘጋ የቀረበውን ሥራዬን ያቆየው ኩባንያ ሥር እያለሁ ያጠራቀምኩት ተቀማጭ ብቻ ነው።

ኩባንያ ሥር የመግባት ጉዳቱ ደግሞ ውሉ ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ወንድሞቻችን ሳያነቡ ሲፈርሙ አይቻለሁና። የፌዴራል ሕግ ቁጥር 49 ክፍል 376 ለባለ ትራኩ ትልቅ ጥበቃ ይሰጣል። ክፍያው በመቶኛ ከሆነ፣ ኩባንያው ጭነቱ በስንት እንደወጣ የሚያሳየውን ዋናውን ደረሰኝ ቅጂ የማሳየት ግዴታ አለበት። የማስረከቢያ ወረቀትዎን ካስገቡ በ15 ቀን ውስጥ ሊከፍልዎ ይገባል። ከሂሳብዎ የሚቆረጠው ሁሉ ከነአሠራሩ ውሉ ላይ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። ነዳጅ ይሁን ጎማ ከእኔ ካልገዛህ ብሎ ሊያስገድድዎ አይችልም። ኤስክሮ ተብሎ በመያዣነት የተያዘብዎት ገንዘብ ደግሞ ውሉ ካለቀ በ45 ቀን ውስጥ ሊመለስልዎ ይገባል። እኔ የመጀመሪያውን ኩባንያ ስለቅ 2,500 ዶላር ኤስክሮ ነበረኝ፤ አራት ወር ሙሉ ነገ ዛሬ እየተባልኩ ቆየሁ። በመጨረሻ የሕጉን ቁጥር ጠቅሼ በአደራ ደብዳቤ ስልክላቸው በአሥር ቀን ውስጥ ቼኩ ደረሰኝ። የትኛው ኩባንያ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ሕጉን ከመጀመሪያው ባውቀው ኖሮ ግን ያን ያህል አልለማመጥም ነበር።

40,000 ዶላሩ ይበቃል ወይ ላሉት፣ ለሊዝ ኦን ይበቃል፤ ለራስ ፈቃድ ግን ጠባብ ነው። ፈቃዱ ራሱ ርካሽ ነው፣ ማመልከቻው 300 ዶላር ነው። የሚያንቀው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። የኢንሹራንሱ ቅድሚያ ክፍያ ለእኔ 4,300 ዶላር ነበር። የሰሌዳው ክፍያና 550 ዶላር የከባድ ተሽከርካሪ ታክሱ አለ። የመጀመሪያው ጭነት ክፍያ ሳይገባ በወር 8,000 ማይል ቢነዱ እኔ በ2024 በከፈልኩት ዋጋ ለነዳጅ ብቻ ከ4,500 ዶላር በላይ ያወጣሉ። በዚህ ሁሉ ላይ ትራኩ ቢበላሽስ? በ2019 ክረምት ዋዮሚንግ ውስጥ በአይ 80 መንገድ ራውሊንስ ከተማ ሳልደርስ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ፣ ቀጥሎ ቀይ ሆነ፣ ዳገቱ ላይ ትራኩ ጉልበቱ ተቆርጦ በሰዓት 25 ማይል መሄድ አቃተው። የጭስ ማጣሪያው ሥርዓት ነበር የተበላሸው። ዕቃው እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን በረዶ እያየሁ ሞቴል ውስጥ ተቀመጥኩ፤ ሂሳቡ 6,800 ዶላር ሆነ። በዚያን ጊዜ ኩባንያው 3,000 ዶላር አበድሮኝ በየሳምንቱ 150 ዶላር እየቆረጠ ወሰደ። በራሴ ፈቃድ ብሆን ኖሮ የሚያበድረኝ አልነበረም። ስለዚህ ለትራኩ ቅድሚያ ክፍያ ከ20,000 ዶላር አይለፉ፤ ቢያንስ 15,000 ዶላር ለጥገና ብቻ ተብሎ በተለየ ሂሳብ ይቀመጥ።

ታክሱን በአጭሩ ልጥቀስ፤ በሁለቱም መንገድ የሚቀጥርዎ ስለሌለ 15.3 በመቶ የራስ ሥራ ታክስ ከገቢ ታክሱ ላይ ይጨመራል፣ በዓመት አራት ጊዜም አስቀድሞ ይከፈላል። ከቤት ርቀው ያደሩበትን ቀን ሁሉ ይመዝግቡ፤ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሙሉ ቀን የምግብ ወጪ 80 ዶላር ይታሰባል፣ ከዚህም 80 በመቶው ከገቢዎ ላይ ይቀነሳል። በራስ ፈቃድ ሲሠሩ በየሩብ ዓመቱ የነዳጅ ታክስ ሪፖርት ማቅረብም የእርስዎ ሥራ ይሆናል።

በእርስዎ ቦታ ብሆን የፋብሪካ ውል ያለው፣ 75 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚከፍል፣ ዋናውን ደረሰኝ ሳይጨቃጨቅ የሚያሳይ ኩባንያ ሥር ለሁለት ዓመት እገባ ነበር። በእነዚያ ሁለት ዓመታት የማይል ወጪዎን በየወሩ እየጻፉ ይያዙ፤ የት መስመር ላይ ምን ጭነት እንደሚበዛ፣ የትኛው መጋዘን ስድስት ሰዓት እንደሚያስጠብቅ ይማራሉ። ከዚያ በኋላ የሦስት ወር ወጪ የሚሸፍን ተቀማጭ ሲኖርዎና በቀጥታ ጭነት የሚሰጥዎ አንድ ደንበኛ ሲያገኙ የራስዎን ፈቃድ ያውጡ።

መቼ ልጀምር ላሉት፣ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ጭነት የሚቀዘቅዝባቸው ወራት ስለሆኑ በእነሱ ዋዜማ አይግቡ። ማርች ላይ ትራኩን ገዝተው አስመርምረው ቢጨርሱ፣ ከኤፕሪል ጀምሮ ከደቡብ የሚወጣው የአትክልትና ፍራፍሬ ጭነት ሪፈሮቹን (ማቀዝቀዣ ያላቸውን ትሬለሮች) ከሌላው ጭነት ስለሚስብ ለድራይ ቫኑም ዋጋ ያሻሽላል። የከባድ ተሽከርካሪ ታክሱ ዓመት ከጁላይ 1 እስከ ጁን 30 የሚቆጠር በመሆኑም፣ በኤፕሪል ከጀመሩ እስከ ጁን የሚከፍሉት የቀሩትን ወራት ድርሻ ብቻ ነው። ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ተቀናሾቹ የተዘረዘሩበትን ገጽ፣ የኩባንያውን ስም ሸፍነው፣ እዚህ ቢያስቀምጡልን አብረን መስመር በመስመር እናየዋለን።