ባሌን ቻይንኛ ወሰደብኝ

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ፣ የምጽፍልሽ ከደብረ ማርቆስ ነው። ነርስ ነኝ፣ ባለቤቴ ኦዲተር ነው፣ የ9 እና የ4 ዓመት ልጆች አሉን። ከመስከረም ጀምሮ ማታ ማታ እራት እንደበላ ኢርፎኑን ይሰካና አንድ ሰዓት ቻይንኛ ይማራል፣ ለሥራው አያስፈልገውም፣ ዝም ብሎ ነው። ቤቱን በወረቀት ሞላው፣ በሩ ላይ፣ ፍሪጁ ላይ፣ ጭራሽ መሶቡ ላይ ለጠፈ፣ እሱን ብቀድበት ሦስት ቀን ተኳረፍን። ትንሿም ከሱ ሰምታ «ማ» እያለች ነው የምትጠራኝ። ባህር ዳር እወስዳችኋለሁ ካለ ሁለት ዓመቱ፣ ወጣን ከተባለ ቢቸና እናቱጋ ነው። ደከመኝ ስለው «አንቺም ሆቢ ይኑርሽ» ይለኛል። እህቱ ደግሞ በቀደም «ቻይና ሊሄድ አስቦ ይሆናል» አለችኝ፣ ከዛን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። እኔ ነኝ የቀናሁት ወይስ እሱ ነው የራቀን?

መልስ፦ እታለም፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው የቻይንኛ ጉዳይ መስሎኝ ነበር፣ ሁለተኛ ሳነበው ግን ዓይኔ የቀረው ቢቸና ላይ ነው።

ምን መሰለሽ፣ ቢቸና ለሱ እረፍት ነው። እናቱ አገላብጠው ይስሙታል፣ ጠላ ይቀዳለታል፣ መደቡ ላይ ጋደም ይላል፣ የልጅነት ጓደኞቹ ይመጣሉ። አንቺ ግን ገና ከመኪና እንደወረድሽ ነጠላሽን አደግድገሽ ጓዳ ነሽ፣ ሽንኩርት ትልጫለሽ፣ ዶሮ ትገነጥያለሽ፣ ልጆቹ እዛም «እማዬ» የሚሉት አንቺኑ ነው፣ ደግሞ ምራት ስለሆንሽ ቁጭ በይ የሚልሽ የለም፣ ቢልሽም አትቀመጪም። ሰኞ ጠዋት ታካሚ ይጠብቅሻል። እሱ «ቤተሰቤን አዝናንቻለሁ» ብሎ ገቢ አድርጎ መዝግቦታል፣ አንቺጋ ያው ጉዞ የተመዘገበው ወጪ ተብሎ ነው። ኦዲተር ሆኖ ይሄን አለማየቱ ይገርመኛል።

ስለዚህ አልቀናሽም። ወይም ቀንተሽ ከሆነ የቀናሽው በቋንቋው አይደለም፣ በሰዓቷ ነው። ማታ ከ2 እስከ 3 እሱ ኢርፎን ሲሰካ ሳህኑን ማን ያጥባል? ትንሿን ማን ያስተኛል? «ሆቢ ይኑርሽ» ማለት ቀላል ነው፣ ሆቢ እኮ ሰዓት ይፈልጋል፣ እናንተ ቤት ደግሞ ያለችው ነፃ ሰዓት አንዲት ናት፣ እሷንም እሱ ይዟታል።

አሁን ትንሽ ለሱ ልሟገትለት፣ አትቆጪኝ። ሳቢን ዞነንታግ እና ሻርሎት ፍሪትዝ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2007 እ.ኤ.አ. ሰው ከሥራ በኋላ ጉልበቱን የሚመልስባቸውን አራት መንገዶች ለይተው ጽፈዋል፣ ሐሳብን ከሥራ ማላቀቅ፣ ዘና ማለት፣ አዲስ ነገር መቻል፣ እና የራስን ጊዜ ራስ ማዘዝ። ቻይንኛው ለባልሽ ከነዚህ ሦስቱን ሳይሰጠው አይቀርም። ቀኑን ሙሉ የሰው ስህተት ሲፈልግ የሚውል ሰው ማታ እሱ ራሱ ሲሳሳት የሚቆጣው የሌለበት ቦታ ቢያገኝ አይፈረድበትም። እኔ ራሴ ክራር ልማር ብዬ ሦስት ወር ጎረቤት አስመርሬያለሁ፣ ባለቤቴ ምን እንዳለኝ ባልነግርሽ ይሻላል።

ደግሞ ቋንቋው እንዲህ በዋዛ የሚለቅ አይደለም። እኛ ስናጠብቅና ስናላላ ትርጉም ይቀየርብን የለ፣ ገና የምንጫወተውና «ገና ነው» የምንለው አንድ ዓይነት ተጽፎ ሁለት እንደሚሆነው፣ እነሱ ደግሞ በዜማ ይለዩታል። አራት ዜማ አላቸው፣ «ማ» በአንዱ እናት ነው፣ በሌላው ፈረስ፣ በሌላው ደግሞ መሳደብ። ልጅሽ በየትኛው እንደጠራችሽ አባቷን ጠይቂልኝ።

የቻይናው ወሬ ግን ነው የከበደሽ መሰለኝ፣ ልክ ነኝ? እስቲ አብረን እናስላው። የአሜሪካ ዲፕሎማቶች የሚማሩበት ተቋም ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቻይንኛ ለሥራ እስኪበቃ 2200 የክፍል ሰዓት ይፈልጋል ይላል፣ ባልሽ በቀን አንድ ሰዓት አንድ ቀን ሳይዘል ቢማር እንኳ ስድስት ዓመት ነው። ለመኮብለል ያሰበ ሰው ስድስት ዓመት የሚፈጅ መንገድ አይመርጥም፣ መሶብ ላይም ማስረጃ አይለጥፍም። ይሄ ግን የኔ ግምት ነው፣ መልሱ እሱጋ ነው ያለው፣ እህቱጋ አይደለም። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ኢርፎኑን ሳይሰካ፣ «የምትማረው ለምንድነው? ጥለኸን ልትሄድ ነው ብዬ ፈርቻለሁ» በይው፣ በቃ ይሄንኑ። «ለነገሩ አንተ መቼ ቤተሰብ አለህ» ብለሽ ከጀመርሽ እሱም መከላከል ይገባል፣ ጨዋታው ፈረሰ። ካለቀስሽም አልቅሺ።

ከዛ ሰዓቷን ተካፈሉ። ከሳምንቱ ሦስቱ ማታ የሱ፣ ሦስቱ ያንቺ፣ ባንቺ ቀን ሳህኑም ልጆቹም የሱ ናቸው፣ አንቺ ደግሞ ሆቢ የግድ አይደለም፣ ጎረቤት ቡና ሂጂ፣ ተኚ፣ ጣሪያ እያየሽ ተጋደሚ፣ ማንም ሪፖርት አይጠይቅሽም። አንዷ ማታ የጋራ ትሁን። አርተር አሮን የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ጥንዶችን እጅና እግራቸውን አንድ ላይ አስሮ፣ በመሃላቸው ትራስ ይዘው በጉልበታቸው ፍራሽ ላይ እንዲሄዱ ያደርጋል፣ 7 ደቂቃ ብቻ። እየወደቁ እየሳቁ ይጨርሳሉ፣ በኋላ ሲጠየቁ አሰልቺ ሥራ ከሠሩት ጥንዶች ይልቅ በትዳራቸው ደስ ብሏቸው ተገኙ። እናንተ ትራስ አያስፈልጋችሁም፣ አንድ ቃል ያስተምርሽ። ከ«ቻ» ጀምሩ፣ ሻይ ማለት ነው፣ የኛም ሻይ ብዙ አገር ዞሮ የመጣው ከዛው ቃል ነው። ተሳስተሽ ሲያርምሽ እሱም ይስቃል፣ አንቺም።

ባህር ዳርን ደግሞ ለጊዜው ተዪው፣ ትልቅ ቃል ሆኖ ነው ሁለት ዓመት የተንጠለጠለው። መንገዱ ሰላም የሆነ ቀን ጠዋት ተነስታችሁ ዘንገና ሐይቅ ሂዱ፣ እንጅባራ ልትደርሱ ትንሽ ሲቀራችሁ ከዋናው መንገድ ብዙም ሳይርቅ ነው፣ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ክብ ሐይቅ። ቆሎና ዳቦ ያዙ፣ ማንም ዘመድጋ ጎራ አትበሉ፣ እናቱ ቢቀየሙም ሌላ ቀን ይካሳሉ። መንገዱ ካልተመቸ እዛው ማርቆስ ከከተማው ወጣ ብላችሁ ሳር ላይ ቁጭ በሉ። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፣ የዛን ቀን አንቺ ሽንኩርት አትነኪም።

የመሶቡን ነገር በተመለከተ ግን ሙሉ በሙሉ ካንቺ ጋር ነኝ፣ ፍሪጁ ይበቃዋል።