ጥያቄና መልስ፦ ስለ ጥይት ክብደት፣ ስለ ገብስ ፍሬና ስለሚጮህ ጆሮ

ባለፈው ስለ ሽጉጥ ውድድር ሁለት መስመር ጣል ባደርግ ደብዳቤው እንደ ሐምሌ ጎርፍ ወረደብኝ። ግማሹ ስለ ኢላማ ሳይሆን ስለ ጉራ ነው። ጉራውን ለባለቤቱ ትቼ ከቀረው የሚረባውን መርጫለሁ። ሁሉንም አሳጥሬያለሁ፤ አንዳንዱንም ለዘብ አድርጌዋለሁ።

ከጫጫ አንድ አባት ልጃቸው አሜሪካ ሆኖ የኢላማ ተኩስ ውድድር ጀምሯል። በስልክ «115 ልግዛ ወይስ 124?» እያለ ያስጨንቃቸዋል። እሳቸው ደግሞ «የምኑ 115?» ይሉኛል።

የግሬን ነው ጋሼ። ግሬን የእንግሊዞች የድሮ ሚዛን ነው፤ ቃሉም «ፍሬ» ማለት ነው። መነሻው የገብስ ፍሬ ነበርና ለገብስ አገር ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። አንድ ግሬን 0.0648 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ በ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ 115ቱ 7.45 ግራም፣ 124ቱ 8 ግራም ያህል፣ 147ቱ ደግሞ 9.5 ግራም ነው። የሚመዘነው አረሩ ብቻ ነው፤ ቀለሁና ባሩዱ አይቆጠሩም። የዛሬውን ገብስ 124 ፍሬ ቆጥረው ሚዛን ላይ ቢያስቀምጡ ግን ይጎድልብዎታል። እኔ ሞክሬ ከባለቤቴ ጋር ተጣልቻለሁ፤ ለካ ለቆሎ የተለቀመ ገብስ ነበር።

ከደብረ ብርሃን፣ ከጠባሴ አንድ ወጣት ቨርጂኒያ ያለ ወንድሙ ሰዓት እየተያዘ የሚተኮስበት ውድድር ውስጥ ገብቷል። ጓደኞቹ «147 ግዛ፣ አይረግጥም» አሉት፤ ገዛ። አሁን ጥይቱ ካነጣጠረበት ከፍ ብሎ ይመታል፤ የብረቱም ኢላማ እየለገመ የሚወድቅ መስሎታል። ቤት ያሉት አባት ደግሞ «ጥይት ከከበደ ምን ጎደለው!» ብለው ክርክሩን ዘግተዋል።

ከአባትህ ልጀምር። እሳቸው ያደጉት የስናድርን፣ የዚያን የድሮ ጠመንጃ፣ ወሬ እየሰሙ ነው። የስናድር አረር 480 ግሬን ይመዝን ነበር፤ ወንድምህ ከሚተኩሰው ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። የዚያ ዘመን ሰው ክብደትን ከመጣል ጋር ቢያያይዘው አይፈረድበትም። ወንድምህ የሚተኩሰው ግን ካርቶን ላይ ነው። ካርቶን አይሞትም።

እዚያ የሚፈለገው ሌላ ነገር ነው። በእንዲህ ያለው ውድድር የጥይት ኃይል በስሌት ይለካል፦ የአረሩን ክብደት በግሬን ትወስዳለህ፣ በሰከንድ ስንት ጫማ እንደሚሮጥ ታባዛለህ፣ ለ1000 ታካፍላለህ። ዝቅተኛው ወለል 125 ነው። ከዚያ በታች የወረደ ተኳሽ ይተኩስ ይሆናል እንጂ ነጥብ አይያዝለትም። ዳኞቹ በቃል አያምኑም፤ ጥቂት ጥይት ተቀብለው አንዱን ፈትተው አረሩን ይመዝናሉ፣ የቀረውን በፍጥነት መለኪያ ላይ ያስተኩሳሉ።

እንግዲህ ሦስቱንም ለጥንቃቄ ወደ 130 እናምጣቸው። 115ቱ በሰከንድ 1130 ጫማ መሮጥ አለበት፤ 124ቱ 1050፤ 147ቱን 885 ይበቃዋል። ውጤቱ ለሁሉም 130 ነው። ታዲያ ለምን 147ቱ ይለዝባል? ከአፈሙዝ የሚወጣው አረሩ ብቻ ስላልሆነ ነው። የነደደው ባሩድም ጋዝ ሆኖ እየተወረወረ ይወጣል፤ ቀላሉን አረር ለማስሮጥ ደግሞ ባሩዱ በዛ ይላል። እጅህን ወደ ኋላ የሚመታው የሁለቱ ድምር ነው። የ115ቱ አመታት የበቅሎ ርግጫ ይመስላል፤ ቶሎ ይመታል፣ ቶሎም ያልፋል። 147ቱ ትከሻህን ይዞ እንደሚገፋ ሰው ነው። ይህን ዝግታ የሚወድ አለ፤ ማነጣጠሪያው እስኪመለስለት እየጠበቀ የሚበሳጭም አለ። የትኛውም አልተሳሳተም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ክብደት ነው፤ ፍጥነት የሚጠይቀኝ የለም። ያው 147 በሰከንድ 1000 ጫማ እንዲሮጥ ተደርጎ ከተሠራ ስሌቱ 147 ይሆናል፤ በ130 ከተሠራው 115 ይልቅ አጥብቆ ይመታል። ወንድምህ የጥይቱ ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር አይቶ «ለስላሳ ነው» ብሎ ገዝቶ ሊሆን ይችላል። ፍጥነቱን ሳያዩ በክብደት ብቻ ጥይት መግዛት ሙሽራዋን ሳያዩ ጥሎሽ መቁጠር ነው። ከጎኑ በትንሹ የተጻፈውን ያንብብ፣ ያባዛ፣ ለ1000 ያካፍል። ሽጉጡ በአነስተኛ ኃይል ብቻ ነጥብ በሚያዝበት ምድብ ከሆነ ደግሞ ከ125 እጅግ ርቆ መሄድ አንዲት ነጥብ አይጨምርለትም፤ ርግጫው ግን የራሱ ነው።

ከፍ ብሎ ስለ መምታቱ፦ ጤናማ ነው። ዘገምተኛ አረር አፈሙዝ ውስጥ ትንሽ ይቆያል፤ ሽጉጡ ደግሞ አረሩ ሳይወጣ ጀምሮ ሽቅብ ማለት ይጀምራል። ስለዚህ ሲወጣ አፈሙዙ ከፍ ብሎ ያገኘዋል። ማነጣጠሪያውን ያስተካክል፤ ካልተስተካከለ የት እንደሚመታ ይልመደው።

ስለ ብረቱ ደግሞ፦ በ10 ሜትር 115ቱና 147ቱ የሚደርሱበት ልዩነት ከሺህ የሰከንድ ክፍል ስምንት ገደማ ነው። ዓይን ያንን አያይም። ብረትን የሚጥለው ግፊቱ ነው፤ ስሌቱ እኩል ከሆነ ግፊቱም እኩል ነው ማለት ይቻላል። ዝቅ ብሎ የተመታ ብረት ግን ይለግማል። ጥፋቱ የክብደቱ ሳይሆን የመቺው ነው።

ምክሬ? ከየዓይነቱ ጥቂት ገዝቶ በገዛ ሽጉጡ፣ እጁን አስደግፎ፣ በ25 ሜትር ከእያንዳንዱ 10 ጥይት ይተኩስ። የትኛው ቀዳዳዎቹን ሰብሰብ እንዳደረገ ይይ። ቀጥሎ ሁለት ሁለት እያፈጠነ በሰዓት ይሞክር። ለጀማሪ 124 መካከለኛ ነው፤ 115 አብዛኛውን ጊዜ ስለሚረክስ ለልምምድ ይጠቅማል። ምላጭ ሲስብ እጁ የሚደነብር ከሆነ ግን ሦስቱም ያው ናቸው። የቀረውን የክለቡን አሰልጣኝ ይጠይቅ።

ከአረርቲ፦ «ለጅብ የትኛው ክብደት ይሻላል?»

በረትዎን ያጥብቁ።

ከመሐል ሜዳ አንድ መምህር ከፍታው አየሩን ካሳሳው ጥይቱ ይፈጥን እንደሆነ፣ ብርዱስ ምን እንደሚያደርግ ይጠይቃሉ።

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ያሳፍራል። ስስ አየር አረሩን የሚይዘው ያነሰ ነው፤ በ25 ሜትር ግን ልዩነቱን ካርቶኑ ላይ አያገኙትም። ብርድ ሌላ ነው። አንዳንድ ባሩድ ሲቀዘቅዝ ፍጥነቱ ይወርዳል። በሞቃት ቀን 126 የለካ ሰው በውርጭ ማለዳ ከ125 በታች ሊገኝ ይችላል፤ ከላይ 130 ያልኩት ለዚሁ ነው። የመሐል ሜዳ የኅዳር ማለዳ ግን ከባሩዱ በፊት የሚይዘው ጣትን ነው። ጓንት ይያዙ።

ከአንኮበር አንድ ልጅ አጎቱ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ እርሳስ አቅልጦ «ከበድ ያለ አረር» እያወጣ፣ ያገለገለ ቀለህ ይሞላል። የሚቀልጠው እማማ ወጥ በሚሠሩበት ምድጃ ላይ ነው። ልጁ «ስንት ግሬን ቢያደርገው ጥሩ ነው?» ይለኛል።

ዜሮ። ልጄ፣ ይህን ጥያቄ ሳነብ ቡናዬን አስቀመጥኩ። አረር ሲከብድ ቀለሁ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ባሩዱ በልኩ ካልተቀነሰ ሽጉጡ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ልኩን የሚያውቀው በመለኪያ የሚሠራ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው እንጂ በማንኪያ የሚሰፍር አጎት አይደለም። ሕጉም አለ፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራትን አይፈቅድም። ከሁሉ የባሰው ግን ምድጃው ነው። የባትሪ እርሳስ ውስጥ ሌሎች ማዕድናት ስላሉ ሲቀልጥ መርዛማ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። ብናኙ ዱቄቱ ላይ፣ እንጀራው ላይ፣ ሕፃኑ እጅ ላይ ያርፋል። እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል፤ የተጎዳውም አይመለስም። ቤት ውስጥ ትንንሽ ልጆች ካሉ ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸውና እርሳስ አጠገባቸው ይቀልጥ እንደነበር ሳትደብቁ ለሐኪሙ ንገሩ፤ የደም ምርመራ እንዲደረግላቸውም ጠይቁ። «ይህን ያህል አይደለም» ብሎ አጎትህ ቢስቅ አትስማው። ምድጃውም ከዛሬ ጀምሮ ለወጥ አይሁን።

አንዲት እናት ሴት ልጃቸው ውጭ አገር ትምህርት ቤት በአየር ሽጉጥ ትለማመዳለች፤ «ለእሷስ ክብደት አለው?»

አለው፣ ግን ግማሽ ግራም ገደማ ነው እታለም። መለኪያው 4.5 ሚሊ ሜትር፣ ርቀቱ 10 ሜትር ነው። ሁለት ሦስት ዓይነት ሞክራ ሰብሰብ ያለውን ትምረጥ። በርቱ በሉልኝ።

ከሸዋ ሮቢት አንድ አንባቢ በሠርግ ላይ አንዱ ሚዜ ጆሯቸው ሥር ሽጉጥ ተኩሶ፣ ይኸው ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ ቀኝ ጆሯቸው ይጮሃል፣ ድምፅም ደብዘዝ ብሎባቸዋል። ሊያውቁ የፈለጉት ከባዱ ጥይት ድምፁ ይቀንስ እንደሆነ ነው!

ይቀንሳል፤ ግን ለእርስዎ ጆሮ አይደለም። ከላይ በ885 ጫማ ይሮጣል ያልኩት 147 በሰከንድ 270 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ ከድምፅ ፍጥነት በታች ነው፤ አየሩን ሰንጥቆ የሚያሰማው ጩኸት የለውም። ከአፈሙዝ የሚወጣው ፍንዳታ ግን ያው ነው፤ 160 ዴሲቤል አካባቢ። የተኩስ ድምፅ ከ140 ካለፈ አንድ ጊዜም ቢሆን ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። ሚዜውን በኋላ ይገናኙት። ዛሬ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። «ይተወኛል» እያሉ አይጠብቁ፤ በድንገት የደበዘዘ ጆሮ ሕክምናው የሚጠቅመው ቶሎ ሲጀመር ነው፤ ቀናቱ ይቆጠራሉ። ዘይትም፣ ነጭ ሽንኩርትም፣ ጤና አዳምም እንዳይጨምሩበት። ሮቢት ካላገኙ ደብረ ብርሃን ይውጡ፤ እዚያም ካጡ አዲስ አበባ። ይህን እያነበቡ ከሆነ ስልኩን አስቀምጠው ይነሱ፤ ሐኪሙ ያለዎትን በሚቀጥለው ይጻፉልኝ።