ስለ ጫጩት ማሞቂያ ጠይቁኝ፦ ለጎንደርና አካባቢዋ ዶሮ አርቢዎች

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው አዘዞ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት እየገዛሁ ማሳደግ ከጀመርኩ 8 ዓመት አልፎኛል። ኅዳር ገብቶ ሌሊቱ መቆንጠጥ ጀምሯል፣ ሰሞኑን ደግሞ "ጫጩቶቼ አለቁብኝ" የሚለኝ ሰው በዝቷል። ስለ ማሞቂያ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብያችሁ ነበር፣ የመጣውን ሁሉ እነሆ።

ጥያቄ፦ 50 የአንድ ቀን ጫጩት ልገዛ ነው። ስንት ዲግሪ ነው የሚያስፈልጋቸው?

መልስ፦ የመጀመሪያውን ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ እየቀነስክ እስከ 21 ድረስ ታወርደዋለህ። ቴርሞሜትሩን ከሰጋቱራው ትንሽ ከፍ አድርገህ በጫጩቷ ጀርባ ልክ አስቀምጠው፤ ግድግዳ ላይ ከሰቀልከው የሚነግርህ የቤቱን ሙቀት ነው።

ግን ወንድሜ፣ ከቁጥሩ ይልቅ ጫጩቶቹን እይ። አምፖሉ ሥር ተደራርበው ከተንጫጩ በርዷቸዋል። ከአምፖሉ ሸሽተው ዳር ዳር ይዘው፣ ክንፋቸውን ጥለው፣ አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ደግሞ በጣም ሞቋቸዋል። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ከሄዱ በሌላው በኩል ነፋስ ሽው እያለባቸው ነው፣ በር ሥርና መስኮት አካባቢ ፈትሽ። ተበታትነው አንዱ ሲበላ፣ አንዱ ሲጠጣ፣ አንዱ እግሩን ዘርግቶ ተኝቶ ካየህ ምንም አትንካ።

ለዚህ ነው ቤቱን በሙሉ አታሙቀው የምለው። ሙቀቱ አንድ ቦታ ይሁን፣ ሌላው ጎን ቀዝቀዝ ይበል። የበረደው ይጠጋል፣ የሞቀው ይሸሻል። መሸሻ የሌለው ጫጩት ይሞታል።

ጥያቄ፦ ሁለት ትልልቅ አምፖል አብርቼላቸው እያለ በብርድ አለቁብኝ። ምንድነው ነገሩ?

መልስ፦ አምፖሎቹን በእጅሽ ነክተሻቸው ታውቂያለሽ? አሁን ሱቅ ውስጥ የምናገኘው አብዛኛው አምፖል ኤልኢዲ ነው፤ ብርሃን ይሰጣል እንጂ አያሞቅም። ሰዉ ቤቱ ቦግ ብሎ ሲበራ ያየና የሞቀ ይመስለዋል። የምትፈልጊው ወይ ክሩ የሚግለውን የድሮውን አምፖል፣ ወይ ለዶሮ ተብሎ የሚሸጠውን ቀይ የኢንፍራሬድ አምፖል ነው። ባለ 250 ዋቱ ለ50 ጫጩት ይበቃል። ከቻልሽ ቀዩን ምረጪ፣ ከነጩ ይልቅ እርስ በርስ መነካከስን ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ አምፖሉ እሳት ያስነሳል ብዬ እፈራለሁ።

መልስ፦ ደግ አደረግህ፣ ፍራ። ከታች ያለው ሰጋቱራና ጭድ ነው፣ አምፖሉ ከወደቀ ደቂቃ አይፈጅም። በኤሌክትሪክ ገመዱ አታንጠልጥለው፤ በሰንሰለት ወይም በሽቦ እሰረው፣ ያኛው ቢፈታ የሚይዘው ሁለተኛ ማሰሪያም ጨምርለት። ማቀፊያው የሸክላ ይሁን፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ከወለሉ ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ሲያድጉ ሙቀቱን የምትቀንሰው አምፖሉን ወደ ላይ እየሳብክ ነው። ዙሪያውን በጨርቅ ወይም በማዳበሪያ አትጋርደው።

ጥያቄ፦ እኔ የምጠቀመው ከሰል ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ እኔ አልመክርም፤ ግን ብዙ ሰው ሌላ አማራጭ እንደሌለው አውቃለሁ። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥይውና ሙሉ በሙሉ ፍም ሲሆን አስገቢው። ፍም ሆኖም ግን ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ያወጣል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ጭስ ስለማይታይ ደህና ነው ብለሽ እንዳትዘናጊ። ጣሪያው አጠገብ ያለው መስኮት ክፍት ይሁን። ምድጃውን ጡብ ላይ አስቀምጪና ዙሪያውን በወንፊት ሽቦ እጠሪው። ከሁሉም በላይ አንቺም ልጆችሽም ከሰሉ ባለበት ክፍል አትተኙ! ብርድ ነው ብሎ በር ዘግቶ ከጫጩቶቹ ጋር የሚያድር ሰው አለ፣ እባካችሁ ይህን ተዉ። ጫጩት ይተካል።

ጥያቄ፦ መብራት ሲሄድስ?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ያመኛል። በሁለተኛው ዓመቴ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ። እኔ ተኝቻለሁ። ጠዋት በሩን ስከፍት ያ የለመድኩት ጫጫታ የለም። ጥግ ላይ ተከምረዋል፤ ከላይ ያሉት ቆመው ያዩኛል፣ ከሥር ያሉትን ሳወጣ ልጥጥ ብለዋል። 17 ሞተው ነበር። ብርዱ ብቻ አይደለም የገደላቸው፣ እርስ በርስ ተፋፍነው ነው፤ ክፍሉ አራት ማዕዘን ስለነበር ጥግ ጥጉ ወጥመድ ሆነባቸው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አልተውም። አንደኛ፣ ካርቶን ገጣጥሜ ክብ አጥር እሠራለሁ፣ ጥግ የሚባል ነገር የለም። ሁለተኛ፣ ማታ ማታ ሙቅ ውሃ በፔርሙስ ይቀመጣል። መብራት ሲሄድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውስጥ እገለብጠዋለሁ (የፈላው ፕላስቲኩን ስለሚያልፈሰፍሰው ትንሽ በረድ ሲል)፣ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ መሃላቸው አጋድመዋለሁ። እየተሽቀዳደሙ ይለጠፉበታል። ከላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጉ፣ በአንድ በኩል ግን አየር ማስገቢያ ተዉ። ውሃው ሲቀዘቅዝ ይቀየራል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የእኔ ጥያቄ የዶሮ አይደለም። ልጄ ካናዳ እባብ እያሳደገ ነው፣ በቪዲዮ ሲያሳየኝ ሥሩ ማሞቂያ አንጥፎለታል። እሳት አያስነሳበትም?

መልስ፦ አይዞዎት እናቴ፣ እዚያ ብዙ ሰው ያሳድጋል። ስሙን ጠይቄልዎት ቦል ፓይተን ነው ብለውኛል። መርዝ የለውም፣ የትውልድ አገሩም እዚሁ አፍሪካ፣ ምዕራቡና መካከለኛው ክፍል ነው። ነገሩ ከጫጩት ጋር ይመሳሰላል። አንዱ ጎን ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ይሞቃል፣ ሌላው ጎን 25 አካባቢ ይሆናል፣ እሱ እየተንቀሳቀሰ ይመርጣል። ልዩነቱ ጫጩት ላባ ስታወጣ የራሷን ሙቀት ትይዛለች፣ እባብ ግን ዕድሜውን ሙሉ ከውጭ የሚያገኘውን ሙቀት ይፈልጋል። ካልሞቀው የበላውም አይፈጭለትም።

ልጅዎን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁልኝ፦ ምንጣፉ ቴርሞስታት አለው ወይ? ሙቀቱ ልኩ ላይ ሲደርስ የሚያጠፋ ማለት ነው። ከሌለው ምንጣፉ እየጋለ ይሄዳል፣ እባቡ ደግሞ ሆዱ እየተቃጠለ እንኳ ቶሎ አይነሳም። አምፖልም ካለው በሽቦ ይሸፍነው፣ ይጠመጠምበታል። ቴርሞስታት ካለው ግን ይተኙ።

ጥያቄ፦ ቂጣቸው ላይ ኩስ እየደረቀ ይደፈናል።

መልስ፦ በመንገድ ሲበርዳቸው ወይም ከመጠን በላይ ሲሞቃቸው የሚመጣ ነው። ለብ ባለ ውሃና በጨርቅ ቀስ ብለህ አርጥብ እንጂ አትጎትት። ከዚያ ሙቀቱን አስተካክል። ካርቶኑ ከመኪና ሲወርድ ደግሞ የአንዷን እግር ጉንጭህ ላይ አድርግ፤ ከቀዘቀዘህ ከመኖው በፊት መጀመሪያ አሙቃቸው።

ጥያቄ፦ መብራት ጭራሽ በሌለበት ገጠር ምን ይሻላል?

መልስ፦ የጭድ ሳጥን። የእንጨት ሳጥን ሠርተህ ግድግዳውንና ክዳኑን በጭድ ትሞላዋለህ፣ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ትተውለታለህ። ሌሊት እዚያ ሲገቡ የገዛ ገላቸው ያሞቃቸዋል። የግድ ብዛት ይፈልጋል፣ አምስት ስድስት ጫጩት አያሞቀውም። ጥቂት ከሆኑ የታቀፈች የአበሻ ዶሮ ፈልግና ማታ በጨለማ ቀስ ብለህ ሥሯ አስገባቸው።

ጥያቄ፦ ደባርቅ ነኝ። ሙቀቱን መቼ ላቁም?

መልስ፦ እዚህ ጎንደር በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ሳምንት፣ ላባቸው ሲሞላ አቆማለሁ። የእናንተ ብርድ ሌላ ነው፣ ቀን አጥፍተህ ሌሊት እያበራህ ትንሽ ጨምርበት። ለመጀመሪያ ጊዜህ ከሆነ ግን የ45 ቀኑን ግዛ። ዋጋው ወደድ ይላል፣ ግን ከባዱን ጊዜ ሌላ ሰው አሳልፎልሃል። ስትገዛ ክንፏን ገልጠህ ከሥር እይ፣ እዚያ ላባ ከሌላት ገና ናት፣ መልሳት።