ውክልናው በእጄ ነው፤ ቤቱን ሳልነግረው ልሽጠው?

«ባለቤቴ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። መጀመሪያ ታክሲ የሚሠራባትን መኪና ሸጥን፤ ቀጥሎ ወርቄ ሄደ። በሳምንት ሦስት ጊዜ እጥበት ታዞለት ሁለት ጊዜ ነው የምንወስደው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ‹ዛሬ ደህና ነኝ› እያለ አንዳንዱን ይዘላል። የቀረን ኮንዶሚኒየሙ ነው። እሱ ‹ልጆቼን ሜዳ ላይ ጥዬ አልሄድም› ብሏል። የታመመ ሰሞን የሰጠኝ ውክልና ግን መሸጥ መለወጥ ይፈቅድልኛል። የዕቁቤን ገንዘብ ለእጥበቱ እንዳዋልኩት፣ ከመሥሪያ ቤት ሰዎች እንደተበደርኩም አያውቅም። የወንድሞቹ እግር ከቤታችን ጠፍቷል። አሥራ አንደኛ ክፍል ያለችው ልጃችን ‹ትምህርቴን ትቼ ካፌ ልቀጠር› ትለኛለች። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ቤቱ ነው፤ እኔን ያስደነገጠኝ ግን የሚዘለለው እጥበት ነው። ኩላሊት ሳያስወግደው የቀረ ፖታሲየም (ከምግብ የምናገኘው ማዕድን) በደም ውስጥ ሲጠራቀም፣ ሰውየው ምንም ሳይሰማው ልቡን በድንገት ሊያቆመው ይችላል። ስለዚህ «ደህና ነኝ» ማለቱ ማስተማመኛ አይሆንም። መዝለሉን ዛሬውኑ ለእጥበት ክፍሉ ሐኪም ወይም ነርስ ይንገሩ። ገንዘብ አጥሮ ሁለት ጊዜ ብቻ እንደምትሄዱም አይደብቁ፤ የሚበላውና የሚጠጣው በዚያው ልክ መስተካከል አለበት። ስንት ቤተሰብ አለ መሰልዎት፣ ማጣቱን ለሐኪም መናገር አፍሮ በሽተኛውን የሚጎዳ! የመንግሥት ሆስፒታል እጥበት ከግሉ ይረክሳል፤ ወረፋውን፣ ከወረዳ የሚያስፈልግ የድጋፍ ደብዳቤ ካለም እሱን፣ የሆስፒታሉን ሶሻል ወርከር ይጠይቁ።

ለምን ይዘላል? ከደብዳቤዎ እንደምረዳው ባለቤትዎ ሒሳብ እየሠራ ነው። አንድ እጥበት ሲቀር ለልጆቹ ስንት ይተርፋል የሚል ሒሳብ። ቤት ሲያስተዳድር የኖረ ሰው፣ አሁን ቤቱን የሚበላው እሱ ራሱ ሆኖ ታይቶታል። እንዲህ ያለው ሰው ሞትን በስሙ ሳይጠራ ቀስ እያለ ሊመርጥ ይችላል። ተሳስቼ ይሆናል፤ ግን መገመቱ ቀርቶ መጠየቁ ይሻላል። «እኛን ልታሳርፍ ብለህ ነው የምትዘለው? መሞት ትመኛለህ?» ይበሉት፣ ፊት ለፊት። መጠየቅ ያልነበረ ሐሳብ አያመጣበትም። ሲመልስልዎ «ክፉ አታውራ፣ እግዜር ያውቃል» ብለው አፉን አያስይዙት። ከፍቅር የሚመጣ አባባል ቢሆንም በር ይዘጋል። «አዎ» ካለ ብቻውን አይተዉት፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት፣ የአእምሮ ሐኪምም እንዲያየው ይጠይቁ። እጥበት ላይ ባሉ ሕመምተኞች ድብርት ብዙ ጊዜ ይታያል፤ ይታከማልም።

አሁን ወደ ቤቱ። ሳይነግሩት አይሽጡ። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ ቤት ለመሸጥ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። በውክልናው ምን ያህል እንደሚያስኬድዎ ጠበቃ ይንገርዎት፤ የእኔ ሥጋት ሌላ ነው። ይህ ሰው መጀመሪያ ጤናውን አጣ፣ ቀጥሎ ሥራውን። የቀረው ነገር ቃሉ ነው፤ «አይሸጥም» ሲል የሚሰማው መኖሩ። ዕቃ ሲጫን ነገሩን ቢያውቅ፣ እሱን ለማዳን በተሸጠ ቤት ገንዘብ ወደ እጥበቱ የሚሄድ ይመስልዎታል? እኔ አይመስለኝም።

ይሸጥ አይሸጥ የሚለውን እኔ አልወስንላችሁም። ሆኖም እጥበት ማብቂያ የለውም፤ የቤት ዋጋ ግን ያልቃል። የሽያጩ ገንዘብ ለስንት ወር እጥበት፣ ለስንት ወር የቤት ኪራይ እንደሚበቃ በወረቀት ሳታሰሉ አትወስኑ። ቤቱን አከራይቶ ራቅ ያለ ሰፈር ርካሽ ቤት መከራየትም አለ። «ልጆቼን ሜዳ ላይ» ለሚል አባት፣ ቤቱ በስማችሁ መቆየቱ ትልቅ ነገር ነው።

ይህን ንግግር በእጥበት ቀን አይጀምሩት፤ ከማሽን የወረደ ሰው ጉልበት የለውም። በማግስቱ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ይሻላል። ስለ ቤቱ ከማንሳትዎ በፊት ግን የራስዎን ምሥጢር ያውጡ፦ ዕቁቡን፣ ብድሩን፣ የሰው ስም ከነገንዘቡ። ይቆጣል። ይቆጣ! ቁጣው ወደ ቤተሰቡ ጉዳይ መመለሱ ነው። እሱም እጥበቱን የሚዘልበትን ምክንያት ሊናገር የሚችለው እርስዎ ቀድመው ሲናገሩ ነው። አንዱ ዕዳውን፣ ሌላው ሞቱን ደብቆ ቤት አይሸጥም።

ወንድሞቹን ሁሉም ሰው «ገንዘብ ፈርተው ነው» ይላል። እኔ ሌላም ፍርሃት ይታየኛል። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከጀመረ ወዲህ፣ ዘመድ ለዘመዱ ኩላሊት እንደሚለግስ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሊጠይቅ የመጣ ወንድም «ኩላሊትህን» ልባል ነው ብሎ ሊፈራ ይችላል፤ ሚስቱም «አትሂድ» ትለው ይሆናል። ባለቤትዎን አስፈቅደው፣ ታላቅየውን ብቻውን ያግኙትና «ኩላሊት ልጠይቅህ አይደለም የመጣሁት» ብለው ይጀምሩ። ልገሳ ማንም በይሉኝታ የሚገባበት ነገር አይደለም፤ የሚፈልግ ካለ ራሱ ለሐኪሙ ይናገራል። ከዚያ ቁርጥ ያለ ነገር ይጠይቁት፤ ለምሳሌ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ እንበል፣ ወንድሙን ወደ እጥበቱ አመላልሶ የዚያን ቀን ትራንስፖርት እንዲችል። «እርዱን» ሲባል ሰው ዕዳው እንደማያልቅ ቆጥሮ ይሸሻል፤ የሐሙስ ጉዞ ግን ልኩ ይታወቃል።

ለልጅዎ መልሱ «አይሆንም» ነው፤ ግን በቁጣ አይበሉት። የሚመጣው ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋ ነው። ካፌ ልቀጠር ያለችው ማንም ምንም ሳይነግራት ከበር ኋላ በሰማችው ተነሥታ ነው። እናንተ ሁለታችሁ ከተነጋገራችሁ በኋላ ጠርታችሁ፣ ምን እንዳላችሁና ምን እንደጎደላችሁ በልኩ ንገሯት፤ በትምህርቷ እንደምትቀጥልም አባቷ ራሱ ይንገራት። ማገዝ ከፈለገች ታናናሾቿን ታስጠና። አባቷ እጥበቱን እንዳይዘል መጠበቅ ግን የእሷ ሥራ አይሁን።